ዩኒፎር፦ ሁለቱ ማኅበራት በመዋሃዳቸው ማን ተጠቀመ?

በ2013 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የካናዳ መኪና ሠራተኞች ማኅበር ከመገናኛ፣ ኃይልና ወረቀት ሠራተኞች ማኅበር ጋር ተዋሃደ። ዩኒፎር ተወለደ። ከ300,000 በላይ አባላት ይዞ፣ በግሉ ዘርፍ የአገሪቱ ትልቁ ማኅበር ሆነ። ለሠራተኛው ግን ምን ፈየደለት? ሁለቱ ጸሐፊዎቻችን አልተስማሙም።

ደጋፊ፦ የመኪናው ፋብሪካ ይዘጋል፣ የወረቀቱም ይዘጋል። መዋጮ የሚከፍለው ሰው ሲያንስ የአድማው ካዝናም ይሳሳል። ለየብቻ ቢቀሩ ይመነምኑ ነበር። ጥቅምት 2023 የመኪና አምራቹ ጂኤም ላይ የሆነውን እዪ። እኩለ ሌሊት ላይ ከ4,000 በላይ ሠራተኛ ሥራ አቆመ። በማግስቱ ምሳ ሰዓት እንዳለፈ ኩባንያው እጅ ሰጠ። አንድ ቀን እንኳ አልሞላም!

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ፣ ያንን ድል ለውህደቱ አትስጠው። ዘዴው የቆየ ነው። መጀመሪያ ከአንዱ ኩባንያ ጋር ትዋዋላለህ፤ ከዚያ ሌሎቹን «እናንተም ይህንኑ ፈርሙ» ትላለህ። የመኪና ሠራተኞቹ ከወረቀቶቹ ጋር ሳይተዋወቁም ይህንኑ ሲያደርጉ ኖረዋል። ያን ዓመት መነሻው የፎርድ ውል ነበር። በስንት ድምፅ አለፈ? በ54 በመቶ! ወደ ግማሽ የሚጠጋው ሰው እምቢ ብሎ ነው እኮ። የጂኤም ፋብሪካ ያለባት የኦሻዋ ከተማስ? ጂኤም በ2018 ፋብሪካውን እዘጋለሁ አለ፣ በ2019 መገጣጠሙ ቆመ። ያ ሁሉ አባል ምን አደረገ?

ደጋፊ፦ ኦሻዋን ካነሳሽ ጨርሺው እንጂ። በ2020 ድርድር ጂኤም ሊመለስ ፈረመ፣ በ2021 ፒካፕ መውጣት ጀመረ። (የፒካፕ ገበያ መድራቱም እንደረዳ አልክድም።)

ተቃዋሚ፦ እሺ፣ እሱን ልቀበልህ። ግን «ድር ቢያብር» ብለው የተነሱት ሰዎች በ2018 የአገሪቱን ማኅበራት ከሚያሰባስበው ከካናዳ የሠራተኞች ኮንግረስ ጥለው ወጡ። የዩኒፎር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጄሪ ዲያስ ደግሞ በ2022 ከኮቪድ መመርመሪያ አቅራቢ 50,000 ዶላር ተቀብሏል ተብሎ በማኅበሩ ደንብ ተከሰሰ።

ደጋፊ፦ ጉዳዩን ያወጣው ማን ሆነና? የማኅበሩ የራሱ ሠራተኛ ነው። በዚያው ዓመት ሦስት ሰዎች ተወዳድረው ላና ፔይን ተመረጠች፤ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት።

ተቃዋሚ፦ ተወካዮች መረጧት በል። ኦሻዋ መስመሩ ላይ ብሎን የሚያጠብቀውን ሰው ማንን ትፈልጋለህ ብሎ የጠየቀው የለም።