«ነቬያ» የዕብራይስጥ ስም አይደለም

«ነቬያ» ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ጥንታዊ የዕብራይስጥ ስም ነው፣ ትርጉሙም «ሰማይ» ነው ስትሉ አየሁ። ስሙ ደስ ይላል፤ ታሪኩ ግን ሌላ ነው። እስቲ ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ ጻፉት፦ ኤን፣ ኢ፣ ቪ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኤች። አሁን ከመጨረሻው ጀምራችሁ አንብቡት። «ሄቨን» ሆነ አይደል? በእንግሊዝኛ ሰማይ ማለት ነው። በቃ ይኸው ነው። በዕብራይስጥ ሰማይ «ሻማይም» ነው፤ የእኛው «ሰማይ» ዘመድ መሆኑን ጆሯችሁ ይነግራችኋል።

ስሙ አሜሪካ ውስጥ የገነነው እ.ኤ.አ. በ2000 የሮክ ድምፃዊው ሶኒ ሳንዶቫል ነቬያ የተባለች ሕፃን ልጁን በኤምቲቪ የሙዚቃ ቴሌቪዥን ካሳየ በኋላ ነው። የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ (የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ የስሞችን ደረጃ በየዓመቱ ያወጣል፤ ገብታችሁ እዩት። ከ2001 በፊት «ነቬያ» በብዛት ከሚወጡት አንድ ሺህ የሴት ስሞች ውስጥ የለም። ስሙን አውጡት፣ ችግር የለውም። ግን «ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው» ካላችኋት፣ ልጅቷ አንድ ቀን «የቱ ምዕራፍ ላይ?» ትላለች።