ይድረስ ለክቡር ቀኝ እግር

ለክቡር ቀኝ እግር፣
ነዳጅ መስጫ ፔዳል ላይ ቋሚ ነዋሪ፣
ሰሜን ሸዋ።

ጉዳዩ፦ በ3 ደቂቃ ስለተለወጠው ናፍጣ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታችን ይድረስዎ። ክብደትዎ አሁንም እንዳልቀነሰ፣ ዶልፊኑ ሚኒባስ ጫጫን ለቆ ሜዳውን ሲያገኝ ከሞተሩ ጩኸት እንሰማለን። ሾፌሩን መውቀስ አልፈለግንም፤ እሱማ በእጁ መሪ ይዞ በአፉ ከረዳቱ ጋር ሒሳብ ይከራከራል። ወለሉ ድረስ የሚጫኑት እርስዎ ነዎት።

ከጫጫ ደብረ ብርሃን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ80 የሄደ በ15 ደቂቃ ይደርሳል፤ በ100 የሄደ በ12። እንግዲህ ያን ሁሉ ተጭነው ያተረፉልን 3 ደቂቃ ነው። እሷም መናኸሪያው በር ላይ ረዳቱ የመቶ ብር ዝርዝር ሲፈልግ ታልቃለች። ናፍጣ ለመቅዳት ግማሽ ቀን ተሰልፎ፣ የቀዱትን 3 ደቂቃ ለማትረፍ ማንደድ ምን ዓይነት ንግድ እንደሆነ አንደበት ቢኖርዎ በጠየቅንዎት ነበር።

ሒሳቡን እኛው እናስረዳ። ሜዳ ላይ መኪናን በዋናነት የሚይዙት ሁለት ናቸው፦ የጎማው መንከባለልና አየሩ። ጎማው ጨዋ ነው፤ በ80ም በ100ም የሚጠይቀው ተቀራራቢ ነው። አየሩ ግን ፍጥነቱን በራሱ አባዝቶ ነው የሚያስከፍለው። ከ80 ወደ 100 ሲወጡ ፍጥነቱ በ25 በመቶ ያድጋል፤ የአየሩ ግፊት ግን በ56 በመቶ። 120 ላይ ደግሞ ግፊቱ 80 ላይ ከነበረው 2.25 እጥፍ ይሆናል። ዶልፊን ስሙ የባሕር ነው እንጂ ግንባሩ የቤት ግድግዳ ነው። ሙሉ ተሳፋሪ ይዞ 2,800 ኪሎ ግራም ያህል ለሚመዝን ሚኒባስ የጎማውንና የአየሩን ደምረን ስናሰላው፣ በ80 ፋንታ በ100 መሄድ በየኪሎ ሜትሩ ሩብ ያህል ተጨማሪ ናፍጣ ይጠይቃል። በ120 ከሄዱ ጭማሪው ከግማሽ ያልፋል።

ይህ ነፋስ የሌለበት ቀን ሒሳብ ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከፊት ሲመጣ፣ ቀስቱ 80 ላይ ቢቆምም አየሩ የሚቆጥርብዎት 100 ነው። እንዲህ ባለ ቀን ክቡርነትዎ «መኪናው ደከመ» ብለው ይበልጡን ይጫናሉ።

ጠበቆችዎ «ደብረ ብርሃን ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ አይገፋም» እንደሚሉ እናውቃለን። ግማሽ እውነት አላቸው። 2,800 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ግፊቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። (ከላይ ያለው ስሌታችን ይህንኑ ስስ አየር ይዞ የተሠራ ነው፤ ያለ አግባብ ልንጨምርብዎት አልፈለግንም።) ችግሩ ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንኑ አየር መሆኑ ነው። ቱርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። የድሮ ሜካኒካል የናፍጣ መርጫ ፖምፓ ያለው የናፍጣ ሞተር ደግሞ አየሩ መሳሳቱን ስለማያውቅ፣ እርስዎ በተጫኑ ቁጥር ቆላ ያለ ይመስል ይረጫል። ከኋላ የሚትጎለጎለው ጥቁር ጭስ በወጉ ሳይነድ የቀረ ናፍጣ ነው። ተከፍሎበታል።

ነገሩ ፍጥነት ብቻ ቢሆን ይቅር ባልንዎት። የሚያንገበግበን ያገኙትን ፍጥነት መልሰው መጣልዎ ነው። አስፋልት የሚያቋርጥ የበግ መንጋ ቀጥ ባለ ሜዳ ላይ ከ200 ሜትር በላይ ርቆ ይታያል። ያኔ ከፔዳሉ ቢነሱ መኪናው በማርሹ እንዳለ ራሱን ይቀንስ ነበር። ዘመናዊ ኢንጄክሽን (ነዳጅ መርጫ) ያለው ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ፔዳሉ ሲለቀቅ ነዳጁን ጨርሶ ያቋርጣል፤ እስከ መንጋው ያለው መንገድ በነፃ ነበር ማለት ነው። እርስዎ ግን የበጉ ጭራ እስኪቆጠር ተጭነው፣ ከዚያ ዘለው ፍሬኑ ላይ ይወጣሉ። ከ100 ወደ 40 የወረደው ያ ሚኒባስ እንደገና 100 ለመግባት 80 ሚሊ ሊትር ያህል ናፍጣ ይበላል። 12 ጊዜ ቢደገም 1 ሊትር ሄደ። ገና ጋሪውን፣ ባጃጁንና የገበያ ቀን አህዮችን አልቆጠርንም። ናፍጣው የት ገባ ቢሉ የፍሬን ሸራው ላይ ሙቀት ሆኖ ቀርቷል፤ ሸራውም በብር ይገዛል።

ዳገቱን በእርስዎ አናሳብብም። ከሸዋ ሮቢት ጣርማ በር ሽቅብ 1,800 ሜትር ያህል ነው። ያን 2,800 ኪሎ ግራም ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ 4 ሊትር ተኩል ገደማ ይነዳል፤ ቢረጋጉም ቢጣደፉም የማይቀር ዕዳ ነው። (ፖርቶ መጋላው ላይ የተቆለለው የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ግን ሁለቴ ያስከፍላል፤ ዳገቱ ላይ በክብደቱ፣ ሜዳው ላይ አየሩን በመጋፋቱ።)

ቁልቁለቱ ላይ ግን ተጠያቂ ነዎት። ከጣርማ በር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ «ናፍጣ ልቆጥብ» ተብሎ ማርሹ ፎሌ ይገባል (ሞተሩ ከጎማው ይለያያል)፤ እርስዎም ሥራ ፈትተው ይዝናናሉ። ፎሌ ላይ ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት አለበት። ማርሽ ውስጥ ሲሆን ግን ጎማው ራሱ ሞተሩን ስለሚያዞረው መጠጣቱን ያቆማል። ስለዚህ ፎሌ ያባክናል እንጂ አይቆጥብም። ከዚያ የከፋው፣ ሞተሩ መያዙን ሲተው ያ ሁሉ ክብደት ፍሬን ላይ ብቻ መንጠልጠሉ ነው። ፍሬን ሲግል ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል፤ መንገዱ ደግሞ ጭጋግ የማያጣው ጠመዝማዛ ነው። በሚወጡበት ማርሽ ይውረዱ። በዚህ አንቀጽ ላይ ሽሙጥ የለንም።

እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ የሚጠብቅ ትዕግስት አንለምንዎትም። በሁለተኛ ማርሽ በ30 መጎተትም በኪሎ ሜትር ሲሰላ ነዳጅ ይፈጃል፤ ሞተሩ በከንቱ ብዙ ይዞራልና። የምንለው ሜዳው ላይ ከ70 እስከ 80፣ የመጨረሻው ማርሽ ውስጥ፣ ፔዳሉን አንድ ቦታ ይዞ።

አላምንም ካሉ ይለኩ። ደብረ ብርሃን ላይ የማደያው አፍንጫ ራሱ ቀጭ ብሎ እስኪዘጋ ይሙሉ፤ ከዚያ በላይ አያስጨምቁ። ኪሎ ሜትሩን ይመዝግቡ፤ አዲስ አበባ ደርሰው ከ80 ሳያልፉ ይመለሱ። እዚያው ማደያ፣ ያው ፓምፕ ላይ በዚያው መንገድ ሞልተው የገባውን ሊትር በ100 ያባዙና ለተሄደው ኪሎ ሜትር ያካፍሉ። በሌላ ቀን በተመሳሳይ ጭነት እንደ ልማድዎ ተጭነው ይድገሙት። ደርሶ መልስ ያልነው በምክንያት ነው፤ አዲስ አበባ ከደብረ ብርሃን ዝቅ ስለምትል መሄጃውን ብቻ ከለኩ ቁልቁለቱ ይዋሽልዎታል። ውጤቱን ለእኛ መላክ አያስፈልግም፤ ለባለንብረቱ ይንገሩት።

ከሰላምታ ጋር፣
ነዳጅ ከፋዮች

ግልባጭ፦
ለፍሬን ሸራ
ለባለንብረቱ ኪስ
ለግራ እግር (ፍሪሲዮኑ ላይ ማረፍ ስላበዛ የራሱ ደብዳቤ በመዘጋጀት ላይ ነው)