ኤሌክትሪክ ለጎረቤት አገር ለመሸጥ ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ነው?

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ ሽያጭ የሚጻፈውና የሚነገረው አብዛኛው ነገር ስንት ሜጋ ዋት ተሸጠ፣ ስንት ዶላርስ ገባ በሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ የሚሽከረከር ነው። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ነገር ግን ኃይሉ ድንበር እንዲሻገር የሚፈቅደው ማን ነው፣ የሚፈቅደውስ ምን ምን አይቶ ነው የሚለው ከሁለቱ የሚቀድም ጥያቄ ሆኖ ሳለ በአደባባይ ሲነሣ እምብዛም አይሰማም።

እስካሁን ያልተነሣበት ምክንያት ግልጽ ነው። አመንጪውም አስተላላፊውም ለውጭ ሻጩም አንድ የመንግሥት ድርጅት፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ በመሆኑ ፈቃድ ጠያቂውና ፈቃድ ሰጪው በአንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለጅቡቲ የሚሄደው ኃይል፣ ከዚያም በመተማ በኩል ወደ ገዳሪፍ የተዘረጋው የሱዳን መስመር፣ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ 1,045 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ የሚደርሰው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር፣ ሁሉም መንግሥታትና የመንግሥት ድርጅቶች ተነጋግረው የጨረሷቸው ጉዳዮች ናቸው።

ሕጉ ግን ከአሠራሩ ቀድሞ ሄዷል። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ኤሌክትሪክን ለንግድ ወደ ውጭ የሚልክ ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ ያስገድዳል፤ ዘርፉን የመቆጣጠር ኃላፊነትም ዛሬ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። የኢንቨስትመንት ደንብ ቁጥር 474/2012 በበኩሉ ኤሌክትሪክን ወደ ውጭ መላክና ከውጭ ማስገባትን ከመንግሥት ጋር በሽርክና ብቻ ከሚሠሩ ዘርፎች አንዱ አድርጎታል። ሁለቱን አስተያይቶ ያነበበ፣ በነፋስ ወይም በፀሐይ ኃይል አመንጭቶ ለጎረቤት አገር መሸጥ የሚሻ ባለሀብት የሚደርስበት መደምደሚያ አንድ ነው፦ ፈቃድ ብቻ አይበቃውም፣ ሸሪክም ያስፈልገዋል፤ ሸሪክ ይሆነው ዘንድ የሚጠበቀው ደግሞ መስመሩን የያዘውና በዚያው ገበያ ላይ ተወዳዳሪው የሆነው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። በሽርክናው ላይ ተቃውሞ የለኝም፤ ድንበር ተሻጋሪ መስመር የደኅንነት ጉዳይም ነውና መንግሥት እጁን ሙሉ በሙሉ ያንሣ የሚል አስተዋይ ሰው ያለ አይመስለኝም። ተቃውሞዬ ተወዳዳሪውን የፈቃዱ በር ጠባቂ በማድረጉ ላይ ነው።

ይህ የቢሮክራሲ ዝርዝር ብቻ እንዳልሆነ ግንቦት 2011 ዓ.ም. አሳይቶናል። በዚያ ወር በጊቤ ሦስት ግድብ የነበረው ውኃ በመቀነሱ አገሪቱ ኤሌክትሪክ በፈረቃ ለማዳረስ ተገደደች፤ ለሱዳንና ለጅቡቲ ይሸጥ የነበረውም እንዲቋረጥ ተደረገ። ውሳኔው ምናልባት ትክክል ነበር። ነገር ግን ውኃ ሲጎድል ማን አስቀድሞ ይቋረጥበታል፣ ፋብሪካው ነው፣ መኖሪያ ቤቱ ነው ወይስ የውጭ ደንበኛው የሚለውን አስቀድሞ የወሰነና ለሕዝብ የታወቀ ሥርዓት ስላልነበረ፣ ሁሉም ነገር ከመግለጫ ተሰማ። ያን ጊዜ የሚሸጠው መጠን አነስተኛ ነበር። ከኬንያ ጋር ሐምሌ 2014 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ግን የ25 ዓመት ሲሆን፣ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200፣ ከዚያ በኋላ 400 ሜጋ ዋት የሚያስገድድ ነው። ዋጋው በኪሎ ዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም በመሆኑ 200 ሜጋ ዋቱ ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ ቢሄድ ገቢው 114 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ውል በአንድ ቀን መግለጫ ማቋረጥ አይቻልም። አብዛኛው ኃይላችን ከውኃ የሚመነጭ እስከሆነ ድረስ ደግሞ የድርቅ ዓመት መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ የመላክ ፈቃድ ሲሰጥ የቅነሳው ቅደም ተከተል በፈቃዱ ውስጥ ተጽፎ መገኘት አለበት።

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው አባባል በዚህ ክርክር ደጋግሞ ይጠቀሳል። ግማሽ ያህሉ ሕዝብ መብራት ሳያገኝ ለሌላ መሸጥ ምን ይሉታል የሚለው ቁጭት ይገባኛል፤ ግን ችግሩን በትክክል አያሳይም። ጨለማ ውስጥ ያለችው የገጠር ቀበሌ የጎደላት በግድቡ ያለው ኃይል አይደለም፤ ኃይሉን የሚያደርሱላት ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ምሰሶ፣ ሽቦ፣ ትራንስፎርመርና ቆጣሪ ናቸው። የኬንያ መስመር ነገ ቢዘጋ በዚያች ቀበሌ አንድ አምፖል አይበራም። ይልቁንም ትራንስፎርመሩና ቆጣሪው የሚገዛበት የውጭ ምንዛሪ ይቀንሳል። ቁጭቱ ፍሬ የሚኖረው ሽያጩን ለመከልከል ሳይሆን፣ ከሽያጩ የተገኘው ዶላር ስንት እጁ ለማከፋፈያ መስመር እንደዋለ ለማስጠየቅ ከዋለ ነው። አመንጪው ድርጅትና ለደንበኛ የሚያዳርሰው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት የተለያዩ ተቋማት ስለሆኑ፣ ይህ የገንዘብ መንገድ በፈቃዱ ላይ በግልጽ ካልተቀመጠ በስተቀር በራሱ አይከፈትም።

የክፍያው ነገርም አለ። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን የተቀሰቀሰው ጦርነት ገዢው አገር በአንድ ጀንበር ምን ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። ሕንድም ከራሷ ጎረቤት ተመሳሳይ ነገር ተምራለች ማለት ይቻላል፦ ጎዳ በተባለ ቦታ የተሠራው 1,600 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ኃይሉን ለባንግላዴሽ ብቻ እንዲሸጥ ተፈቅዶለት ነበር፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የባንግላዴሽ መንግሥት ሲወድቅ ግን የሕንድ መንግሥት በቀናት ውስጥ መመሪያውን አሻሽሎ፣ ክፍያ ሲዘገይ ጣቢያው ለአገር ውስጥ እንዲሸጥ በር ከፈተ። እኛ በሩን መክፈት ያለብን ችግሩ ከመድረሱ በፊት ነው።

ከራስ መንግሥት የሚገኝ ፈቃድ ብቻውን የማይበቃበት ሁኔታም እንዳለ መዘንጋት የለበትም። ኔፓል ለባንግላዴሽ 40 ሜጋ ዋት ብቻ ለመሸጥ በመካከል ያለችውን የሕንድን ይሁንታ ለማግኘት ዓመታት ወስዶባት፣ ኃይሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሻገረው ኅዳር 2017 ዓ.ም. ነው። የኛም ኤሌክትሪክ ወደ ታንዛኒያ መድረስ የሚችለው በኬንያ መስመር አልፎ ስለሆነ፣ የማስተላለፊያ ኪራዩን፣ በመንገድ የሚባክነውን ኃይልና መስመሩ ሲበላሽ ኃላፊ የሚሆነውን ወገን በሦስት አገሮች ሰነድ መወሰን ግድ ነው። ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ የሆነው የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋት፣ ማለትም የአካባቢው አገሮች የኤሌክትሪክ መስመራቸውን አገናኝተው ኃይል እንዲገበያዩ የሚያስተባብረው ተቋም፣ በ1997 ዓ.ም. የተቋቋመው ለዚህ ነበር፤ የጋራ ሥርዓቱ ግን ከሁለትዮሽ ውሎች ፍጥነት ጋር አልተራመደም።

እንግዲህ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የመጀመሪያውን የግል አመልካች ከመቀበሉ በፊት ማመልከቻው በስንት ቀን መልስ እንደሚያገኝ፣ በምን መለኪያ እንደሚመዘን፣ ውድቅ ሲደረግም ይግባኙ ለማን እንደሚቀርብ በመመሪያ አውጥቶ ለሕዝብ ያሳውቅ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም ቀጣዩን የሽያጭ ውል ሲፈርም ያንኑ ቅጽ ሞልቶ፣ እንደማንኛውም አመልካች ተራውን ጠብቆ ፈቃድ ይጠይቅ።