ውዳሴ ሞንታና

ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሚዞሩትን የሞንታና ታርጋዎች አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ሞንታና የአሜሪካ ስቴት ናት፤ ሕዝቧ ከአንድ ሚሊዮን ብዙም አይዘልም። ከዚያ እዚህ ድረስ ከ1,000 ማይል በላይ ነው። ግን ቅዳሜ ማታ ፌርፋክስ ላይ፣ ትንሿ ኢትዮጵያ ዳር ቁሙና ተመልከቱ። የሞንታና ገበሬ ከብቱን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ ክትፎ ሊበላ የወረደ ነው የሚመስለው።

አመጣጣቸው ደግሞ! ገበሬ በፒክአፕ ይመጣል ብላችሁ ስትጠብቁ፣ ሆዷ አስፋልት ሊነካ ሁለት ጣት የቀራት ሱባሩ ትመጣለች። ማርሚታዋ ይተኩሳል። ቀይ መብራት ላይ ስትቆም የምግብ ቤቱ ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። ነጂው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "ሰላም ነው?" ይላችኋል፣ ጥርት ባለ አማርኛ። እዚሁ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ያለችው የኢንግልውድ ልጅ ነው። ሞንታናን ካርታ ላይ አሳየን ብትሉት ጣቱ ካናዳ ላይ ያርፋል።

ይህን ወጣት የሚያሙት ብዙ ናቸው። ከሕግ ሸሽቶ ነው ይላሉ። ምቀኝነት ነው። እኔ ዛሬ ላወድሰው ነው የተነሳሁት።

መጀመሪያ ችግሩን እንረዳለት። ካሊፎርኒያ ሰው አታስቀምጥም። መኪናችሁ ስምንት ዓመት ካለፋት በየሁለት ዓመቱ ስሞግ ቼክ የሚሉትን የጭስ ምርመራ አሠሩ ትላለች። ቦሎ በማሳደስ ላደግን ሰዎች ነገሩ ባዕድ አይደለም። ልዩነቱ፣ እዚህ ያለው ቴክኒሻን የሻይ ቢሉት አይገባውም። ኮምፒውተሩን ይሰካል። የሞተሩን ክዳን ከፍቶ የጎደለውንም የተጨመረውንም ያያል። የጨመራችሁት ዕቃ የስቴቱ የፈቃድ ቁጥር ከሌለው ወደቃችሁ። ከጁላይ 2021 ወዲህማ የሞተሩ ኮምፒውተር ላይ ያለው ሶፍትዌር ፋብሪካው የጫነው መሆኑን ጭምር ያጣራል። እንዲህ ያለ ክፉ ዓይን!

ወንድማችን ደግሞ መኪናዋን እንደገዛ መጀመሪያ ያደረገው ካታሊቲክ ኮንቨርተሯን ማስነቀል ነበር። ይህ ዕቃ ከሞተር የሚወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ የናይትሮጂን ኦክሳይድና ያልተቃጠለ ነዳጅ ይቀበልና ጉዳታቸው ወደቀነሰ ጋዞች ይለውጣቸዋል። ለዚህ ሥራ ውስጡ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አለ። ሌባ በሌሊት መኪና ሥር ተኝቶ የሚቆርጠውም ለእነሱ ብሎ ነው። ወንድማችን ለሌባው ዕድል አልሰጠም። ራሱ ከፍሎ አስነቀለው።

ለምን? ለድምፁ። ጥቂት የፈረስ ጉልበትም ጨምሮልኛል ይላል። ፈረሶቹን 405 የሚባለው ፍሪዌይ ላይ በሰዓት 12 ማይል እየተንፏቀቀ ያናፍሳቸዋል።

እንግዲህ ስሞግ ቼኩ ደረሰ። ሰው ሲጨንቀው ዘመድ ነው የሚጠይቀው። ላስ ቬጋስ ያለው የአጎቱ ልጅ ጋ ደወለ። ቬጋስም ይመረምራሉ። ፊኒክስ ያለችው አክስቱ ጋ ደወለ። እዚያም ያው ነው። ሲያትል ያለ ጓደኛው "እኛ ጋማ በ2020 ቀርቷል" ሲለው ልቡ ዘለለ። ግን ሲያትል ያለችበት ዋሽንግተን ስቴት የሽያጭ ታክስ አላት። ቀድሞ ቨርሞንት ነበረች። ነዋሪዋ ላልሆነ ሰው ሁሉ ታርጋ በፖስታ ትልክ ነበር። እሷም በ2023 በሯን አጠበበች።

በሩ ሁሉ ሲዘጋበት ሞንታና ተከፈተችለት። የጭስ ምርመራ የለም። የሽያጭ ታክስ የለም። ሎስ አንጀለስ መኪና የገዛ ሰው ከ9 በመቶ በላይ እንደሚከፍል አስታውሱ። 11 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናት መኪና ደግሞ አንዴ ከተመዘገበች ታርጋዋ የዘላለም ነው። የዘላለም የሚባል ነገር ከቤተክርስቲያን ውጭ ሲሰጥ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

አንድ እንቅፋት ብቻ ቀረ። ወንድማችን የሞንታና ሰው አይደለም። ስለዚህ የሞንታና ሰው ፈጠረ። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር አቋቋመ። ለስቴቱ መመዝገቢያ 35 ዶላር፣ እዚያ ሆኖ ለሚያስመዘግብለት ወኪል ደግሞ የድካሙን ከፈለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የመኪናዋ ባለቤት እሱ ሳይሆን ማህበሩ ነው። የማህበሩ አድራሻ የወኪሉ ቢሮ ነው። እዚያ ስንትና ስንት ኩባንያ አንድ የፖስታ ሣጥን ተጋርቶ በፍቅር ይኖራል።

እናቱ ይህን ሲሰሙ ደስታውን አልቻሉትም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለጓደኞቻቸው አወሩ።

"ልጄ ኩባንያ ከፈተ።"

"እሰይ! የት ነው?"

"ሞንታና።"

"ምን ይሠራል?"

"ትራንስፖርት ነው መሰለኝ። መኪና አለው።"

"ስንት?"

"ለጊዜው አንድ።"

ቀልድ አይደለም። ስንቱ ወጣት ሥራ ፈጣሪ እሆናለሁ እያለ በየስልጠናው ይንከራተታል። ወንድማችን ሶፋው ላይ እንደተኛ፣ ገቢ የሌለው፣ ሠራተኛ የሌለው፣ ደንበኛ የማያስቸግረው ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነ። የኩባንያው ብቸኛ ንብረት ጠዋት ጠዋት ሥራ አስኪያጁን ጂም ታደርሳለች። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ያ የድሮ ጅብ ነው፣ መንገድ ይደክመው የነበረ። የዛሬው ጭራሽ አይሄድም። ቁርበቱን በፖስታ ያስልካል።

ሞንታናም ብትሆን ልጇን በቁጥር ለይታ ነው የምታውቀው። እዚያ የታርጋው መነሻ ቁጥር ካውንቲውን ያመለክታል። 1 ቢዩት ከተማ ያለችበት ሲልቨር ቦው ነው፣ 4 ሚዙላ፣ 7 ፍላትሄድ። የወንድማችን ታርጋ በ7 ይጀምራል። ዕድለኛ ቁጥር ደረሰኝ ብሎ ነው ለሰው የሚያሳየው። የሠፈሩ ምልክት መሆኑን እንዳትነግሩት።

የአገሩን አየር ደግሞ ብታዩት! ጃንዋሪ 1954 ሮጀርስ ፓስ በተባለ ቦታ ብርዱ ከዜሮ በታች 57 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወርዶ ነበር። አላስካን ካወጣችሁ፣ በአሜሪካ ከዚያ የባሰ ብርድ ተመዝግቦ አያውቅም። የዚህ አገር ነዋሪ የሆነችው መኪና የበጋ ጎማ ነው ያላት። ስፒድ ብሬከር እንኳ በሰያፍ ካልሆነ አትወጣም። ምናልባት ከፊት ያለው ባምፐሯ ለበረዶ መዛቂያ ታስቦ ይሆናል።

ነገር የሚወዱ ሰዎች እዚህ ላይ ታሪክ ይጠቅሳሉ። በጁላይ 1943 ሎስ አንጀለስን የሚያቃጥል ጭጋግ ሸፈናት። ጊዜው ጦርነት ስለነበር ሰው ዓይኑን እያሸ ጠላት ጋዝ ለቀቀብን አለ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሪ ሃገን-ስሚት የተባለ የካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት ጠላቱን አገኘው። የራሳቸው ጭስ ነበር። ከመኪናና ከነዳጅ ማጣሪያ የወጣው ጋዝ ፀሐይ ሲያገኘው ኦዞን ይሆናል። ከተማዋን ተራራ ስለከበባት ደግሞ በቀላሉ መውጫ የለውም። ካታሊቲክ ኮንቨርተር በ1975 ሞዴል መኪኖች ላይ መገጠም የጀመረው የጭሱ ነገር አላስቀምጥ ስላለ ነው።

መልካም። እነዚህ ሊቃውንት ግን ስለ ኩባንያ ሕግ ምን ያውቃሉ? የወንድማችን መኪና የሞንታና ነዋሪ ናት። ስለዚህ ጭሷም የሞንታና ጭስ ነው። እዚህ ለጉብኝት መጥቶ፣ ተራራው እያገደው ሳይመለስ ይቀራል እንጂ መኖሪያው አይደለም። ፍሪዌይ አጠገብ ባለ አፓርታማ ውስጥ አስም ያለበት ልጅ ሌሊት ሲስል ደግሞ ጎረቤት አይረበሽም። ማርሚታው ስለሚበልጥ ሳሉ አይሰማም። ይህን አገልግሎት ወንድማችን የሚሰጠው በነፃ ነው።

ካታሊቲክ መንቀልን የከለከለው የፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ ነው፣ ሞንታናም ውስጥ ያው ክልክል ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ሞንታና አልፈቀደችም። አታይም እንጂ። ካሊፎርኒያ ደግሞ እዚህ ኗሪ የሆነ ሰው መኪናውን በ20 ቀን ውስጥ እዚሁ ያስመዝግብ ትላለች። የሃይዌይ ፓትሮሉ፣ የመንገድ ፖሊሱ ማለት ነው፣ እንዲህ ያለ ታርጋ ያየ ሰው የሚጠቁምበት "ቺተርስ" (አጭበርባሪዎች) የሚባል ፕሮግራም ከፍቷል። ዋና ሥራ አስኪያጅን አጭበርባሪ ብሎ መጥራት ምን ይሉታል? ትንሽ ክብር አይኖርም?

ይህ ብልሃት ያልገባቸው የዋሆችም አሉ። አንድ ጋሼ አሮጌ ፕሪየሳቸውን ኡበር ይሠሩባታል። አንድ ሌሊት ሌባ ካታሊቲኳን ቆርጦ ወሰደ። ስሞግ ቼክ አለብኝ ብለው ለኪራይ ያስቀመጡትን ገንዘብ አውጥተው ሌላ አስገጠሙ። ከዚያ ተሰልፈው የምርመራውን ከፈሉ። ለስቴቱ ሰርተፊኬት ደግሞ 8 ዶላር ከ25 ሳንቲም ተጨመረባቸው። ወንድማችን ይህን ሲሰማ ከልቡ አዘነላቸው።

"ጋሼ፣ ምነው ሳይነግሩኝ? ሰውዬው በነፃ ነቅሎልዎት ሄዶ መልሰው ያስገጥማሉ? ኩባንያ እከፍትልዎት አልነበር!"

ጋሼ ዝም ብለው አዩት። አራዳነት ሁሉም ላይ አይበቅልም።

እንዲህ ሁሉ ነገር አምሮለት ሳለ፣ በቀደም ሌሊት መኪናዋን ከኢንግልውድ ፓርኪንግ ሲያወጣ ከምሰሶ ጋር አጋጫት። በነጋታው ከኢንሹራንስ ደወሉ። ሴትየዋ ትሑት ነች። አንድ ተራ ጥያቄ ነው ያለችው፤ መኪናዋ ማታ ማታ የት ነው የምታድረው?

ጥያቄው ከስሞግ ቼክ ይከብዳል። ሞንታና ካለ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ኢንግልውድ ምን ትሠራ ነበር? ኢንግልውድ ካለ፣ ኢንሹራንሱን የገባው በሞንታና አድራሻ ነው። የማደሪያውን ቦታ የዋሸ ሰው ደግሞ ካሳ ሊከለከል ይችላል። ወንድማችን ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔ ባለቤቷ አይደለሁም። ኩባንያውን ጠይቂ።"

"እሺ። የኩባንያው ኃላፊ ማን ናቸው?"

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ የት ነው የምታድረው?"

"ይቅርታ፣ አሁን ስብሰባ ላይ ነኝ" አለና ዘጋባት።