ራሱን ነቀነቀ ማለት ተዘጋጀ ማለት አይደለም

ሲስተር፣ «ምክር ሰምቶ ራሱን የነቀነቀ የኤችአይቪ ታካሚ ዝግጁ ነው፤ ካልተለወጠ ጥፋቱ የራሱ ነው» ብለሽ የጻፍሽውን አነበብኩት። ብዙ ነርሶች እንዲህ ያስባሉ። ግን ልክ አይደለም።

እዚህ ጎንደር ነርስ ፊት «አልችልም» የሚል ሰው ስንት ነው? ነውር ነዋ! ራስ መነቅነቁ አክብሮት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ደግሞ ዝግጁነት አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ የሚወርድ ሰው እንበል። መድኃኒቱን ለመዋጥ ቆርጧል። መጠጥ መቀነስ ላይ ገና እያመነታ ነው። ኮንዶም? ጭራሽ አላሰበበትም። ለሚስቱ መናገርማ አይወራም። ታዲያ «ዝግጁ» ነው ወይስ «እምቢተኛ»? የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፕሮቻስካና ዲክሌሜንቴ ባስቀመጧቸው የለውጥ ደረጃዎች (ሰው ልማዱን ሲለውጥ ካለማሰብ እስከ መተግበር በሚያልፍባቸው) ካየነው፣ በእያንዳንዱ ጉዳይ ሌላ ሌላ ደረጃ ላይ ነው። ወደ ኋላ መመለስም አለ።

እኔ የምወደው ይህን ጥያቄ ነው፦ «ከ0 እስከ 10 ምን ያህል ዝግጁ ነዎት?» 4 ካለሽ «ለምን 8 አልሆነም?» አትበይው፤ ሰበብ ይደረድርልሻል። «ለምን 2 አላሉም?» በይው። የራሱን ምክንያት ራሱ ይነግርሻል። (ቁጥር ለማይመቸው «ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ብዙ» ይበቃል።)

ይህ የዝግጁነት ምዘና ግን መድኃኒት ማዘግያ እንዳይሆን። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የሚያዘገይ የሕክምና ምክንያት ከሌለ፣ ዝግጁ የሆነ ሰው በምርመራው ዕለት እንዲጀምር ይመክራል። ያልተዘጋጀውን ቀጠሮውን አቅርቢለት፤ ምን እንደያዘውም ጠይቂው። ጸበል ከሆነ፣ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጸበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ማስተማራቸውን ንገሪው።