ውዳሴ ለአስመሺ አለቃ

አስመሺ አለቆችን የማመስገን ዕዳ ካለብኝ ቆይቷል። ሰሞኑን ግን ዕዳው ወለድ ወለደ።

የእህቴ ልጅ ክርስትና ተነሣ። አርባ ቀኑ እሁድ ዋለ። ጠላው ደርሷል፣ ዶሮው ተሠርቷል፣ የክርስትና አባቱ ከብቸና ገስግሶ ቅዳሜ ማታውኑ ደብረ ማርቆስ ገብቷል። የወለደው አባቱ ብቻ አልደረሰም። ወታደር ነው። ፈቃዱ ከተፈቀደለት ሰንብቷል፤ የቀረችው አንዲት ፊርማ ነበረች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቢሮው በር ላይ ቆመ። «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባለ። 11 ሰዓት ሆነ፤ ስብሰባ። መሸ፤ ስብሰባ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አለቃው ወጡና ፈረሙለት። ማኅተሙ ግን መሳቢያ ውስጥ ነው። የመሳቢያው ቁልፍ ጸሐፊዋ ጋ ነው። ጸሐፊዋ ቤቷ ገብታለች። (በዚያ ግቢ በሰዓቱ ቤቱ የገባ ሰው እሷ ብቻ ናት፤ ዕድሜ ይስጣት።) ቅዳሜ ረፋድ ላይ ማኅተሙ ሲያርፍ አውቶቡሱ በንጋት ሄዶ ነበር።

ዘመድ አዝማድ አለቃውን ሲረግም ዋለ። እኔ ግን መረቅሁ። ስንቱ ሕፃን ነው በአርባ ቀኑ የአገሩን አሠራር የሚማር? ይህ ልጅ ገና አንገቱን ሳያቀና «ጠብቅ» የሚባለውን ነገር አውቆታል። አድጎ ጉዳይ ሊያስፈጽም ሲሄድ አይደናገርም።

እንግዲህ ውዳሴው ይጀመር።

ሰላም ለአንተ፣ ቀኑን ሙሉ ትዝ ያላለህ ሥራ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ50 ላይ ትዝ ለሚልህ አለቃ። ሰላም ለአንተ፣ «ዛሬውኑ ይድረስ» ብለህ እስከ እኩለ ሌሊት ያሠራኸውን ሪፖርት ሁለት ሳምንት የሻይ ብርጭቆ ለምታስቀምጥበት። ሰላም ለአንተ፣ «ለማጠቃለል ያህል» ካልክ በኋላ ንግግር ለምትጀምር። ሰላም ለአንተ፣ ቢሮህ ውስጥ ኳስ እያየህ መብራቱን ሳታጠፋ ለምታመሸው፣ መብራቱ እስካለ ድረስም መቶ ሰው ከነከስክስ ጫማው ለሚያመሽልህ።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ እንዲህ ያለውን አለቃ እኛ እንረዳዋለን። «ትንሽ ቆዩ» ሲል ሰሙ አሥር ደቂቃ ነው። ወርቁን ሚስቶቻችን እራቱን ሦስቴ ሲያሞቁ ይፈቱታል።

በሰፈራችን አንድ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ አሉ። ማታ ማታ አረቄያቸውን ይዘው ሲቀመጡ አንድ ታሪክ ካልነገሩን አይነሡም። የትኛው ካምፕ እንደሆነ አይናገሩም። የጦር ሚስጥር ነው ይላሉ። እኔም ሚስጥሩን እንደጠበቅሁ ላውጋችሁ።

አንድ ትልቅ እንግዳ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሊመጡ ነው። ክፍለ ጦሩ ለብርጌዱ «3 ሰዓት ተኩል ላይ ዝግጁ ሁኑ» አለ። ደግ። ብርጌዱ ለጥንቃቄ ሲል ለሻለቃው 3 ሰዓት አለው። የሻለቃው አዛዥ ባለፈው ዘግይቶ ተቆጥተውታል፤ ስለዚህ ለሻምበሉ 2 ሰዓት አለ። ሻምበሉ ሹመት ይጠብቃል፤ 1 ሰዓት አለ። መቶ መሪው ሻምበሉን ይፈራል፤ 12 ሰዓት አለ። ጓድ መሪው መቶ መሪውን ይፈራል፤ ንጋት 11 ሰዓት አለ። ምክትሉ ደግሞ ሁሉንም ይፈራል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ «ተነሡ! እንግዳ መጥቷል!» እያለ ብርድ ልብስ ገፈፈ።

እንግዳው ያን ሰዓት አልጋቸው ላይ ናቸው። ምናልባት ገና ፊልም እያዩ ይሆናል።

ወታደሩ በጨለማ ጺሙን ላጨ። በጨለማ ጫማውን ቦረሸ። በጨለማ ተሰለፈ። ማን ይመለከተዋል? ማንም። ጓድ መሪው ፊቱ ላይ ባትሪ እያበራ ጺም ፈተሸ። ሲነጋ መቶ መሪው መጥቶ እንደገና ፈተሸ። ሻምበሉ መጥቶ የፈተሸውን ፈተሸ። በመሀል የመንገዱ ዳር ድንጋይ ኖራው ደብዝዟል ተባለና ከሰልፉ ሃያ ሰው ወጥቶ ኖራ ቀባ። ቀቢዎቹ ሲመለሱ ሱሪያቸው ነጭ ነው፤ ሱሪያቸው ነጭ በመሆኑ ተቀጡ። 4 ሰዓት ሆነ። 5 ሆነ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። አንዱ ወታደር እንደቆመ ተዝለፍልፎ ወደቀ፤ የሰልፉን መስመር አበላሸ ተብሎ ስሙ ተመዘገበ። ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ላይ መኪናዎች መጡ። አንዱ መስኮት በግማሽ ወረደ። እጅ ወጣ። እጅ ተወዛወዘ። መስኮቱ ተዘጋ። አለቀ።

ሃምሳ አለቃው እዚህ ሲደርሱ አንድ ይጎነጩና ሒሳቡን ይቀጥላሉ። «በመሀል አንድ እርከን ቢጨመር ከዋዜማው ማታ እንሰለፍ ነበር። ሁለት ቢጨመር ሳንቀጠር። ሦስት ቢጨመርማ እናቴ ምጥ ላይ እያለች አዋላጇ ‹ቶሎ በይ እንጂ፣ ልጁ ሰልፍ አለበት› ትላት ነበር።»

ማታውስ? ማታ ሒሳቡ ይገለበጣል። ሥራ 11 ሰዓት ላይ አለቀ። ትልቁ አለቃ 11 ላይ ወጡ። ምክትላቸው እኩል መውጣት ነውር ሆነበት፤ ግማሽ ሰዓት ጨመረ። የእሱ ምክትል ከእሱ በላይ ታታሪ መምሰል አለበት፤ አንድ ሰዓት ጨመረ። ከሥሩ ያለውም እንዲሁ። እያንዳንዱ እርከን ከበላዩ ያለው መኪና ከግቢው እስኪወጣ በመስኮት ያያል። መጨረሻ ላይ ያለው ወታደር የተጠረገውን ግቢ ጠርጎ፣ የተቆጠረውን ክላሽ እንደገና ቆጥሮ፣ ያልተቀመጡበትን ወንበር አጥፎ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ «መሄድ ይቻላል» ይባላል። 6 ሰዓት ተኝቶ 9 ሰዓት ይነሣል፤ ነገም እንግዳ አለ።

«እንግዳው የት ነበር የሚሄደው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ሌላ ቦታ» አሉ። «በእኛ በኩል መንገድ ነበር።»

አሁን ሽሙጡን ልተወው፤ እያነቀኝ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎ ወስኗል። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 እንዳይበልጥ ይላል። ቀን ላይ ለተሠራው ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ያስከፍላል፤ ሌሊት፣ በዕረፍት ቀንና በበዓል ደግሞ ከዚያም በላይ። ወታደሩ ግን እዚህ ውስጥ የለም። አዋጁ የመከላከያን፣ የፖሊስንና የመንግሥት ሠራተኛን ቅጥር ከራሱ ውጭ አድርጎታል፤ በሌላ ሕግ ይተዳደራሉና። ምክንያቱ ይገባኛል። ጠላት የሥራ ሰዓት አይጠብቅም። ግዳጅ ሲሆን ሌሊቱም ቀን ነው፤ ይህን ወታደር ሁሉ ሲምል ያውቀዋል፣ ሚስቱም ታውቀዋለች። ሌሊቱን ሙሉ ዘብ ቆሞ ሲያድር አያጉረመርምም።

ግን በዚህ ምክንያት የወታደሩን ሰዓት የሚጠብቅለት የአለቃው ኅሊና ብቻ ነው። ትርፍ ሰዓቱን የሚያሰላለት የለም። «አልችልም፣ ልጄ ታሟል» ብሎ ቦርሳውን አንጠልጥሎ መውጣት አይችልም። ትእዛዝ ነው። ታዲያ እንዲህ እጁን የሰጠህን ሰው፣ ዕቅድ ባለማውጣትህ ብቻ፣ ታታሪ ለመምሰል ብቻ፣ ሌሊቱን ከወሰድክበት ሌብነት ነው። ከወታደር ቀለብ አንድ ኩንታል ዱቄት የሰረቀ ይታሰራል። ከሺህ ወታደር አራት አራት ሰዓት የወሰደ ግን «ሌት ተቀን የሚሠራ» ተብሎ ይሾማል። ዱቄቱን እንኳ መልሰህ መግዛት ትችላለህ። ያን የአርባ ቀን ክርስትና ከየት ትገዛለታለህ? የሰው ልጅ አርባ ቀን የሚሞላው ስንቴ መሰለህ?

ይቅርታ። ወደ ውዳሴው።

አባቶቻችን በዚህ በኩል ችኩሎች ነበሩ። ጃንሆይ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን 1933 ሱዳን ድንበር ላይ ኦሜድላ ገቡ። ከዚያ በጎጃም በረሃ፣ ግመሎቹ በየመንገዱ እያለቁ፣ አርበኛው ፊት ፊት እየሄደ፣ ጣሊያን ከየምሽጉ እየተነቀለ፣ መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ደረሱ። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ናቸው። ከነጦርነቱ፣ ከነተራራው፣ ከነዓባዩ። እንዴት ያለ ችኮላ ነው! በዘመኑ አንድ አስመሺ አለቃ ቢገኝ ኖሮ ሠራዊቱ ኦሜድላ ላይ ተሰልፎ የመክፈቻ ንግግር እየሰማ ክረምቱ ይገባበት ነበር፤ ጣሊያንም ጠብቆ ጠብቆ ሲሰለቸው በራሱ ጊዜ አገሩ ይገባ ይሆናል። ያለ አንድ ጥይት ድል! ይህ ብልኃት ያኔ አልታወቀም።

ሃምሳ አለቃው ግን አንድ ሰነፍ አዛዥ ነበረን ይላሉ። ስንፍናውን እንዲህ ነው የሚገልጹት፦ ሰኞ ጠዋት የሳምንቱን ሥራ ይነግረናል። ሥራው ካለቀ ገና 9 ሰዓትም ቢሆን «ጨርሳችኋል፣ ሂዱ» ይላል። እሱ ሲያመሽ ቢሮውን ዘግቶ ብቻውን ያመሻል እንጂ ሌላውን አያስመሽም። ምግብ ላይ መጨረሻ ይሰለፋል። ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ካለ ቆሞ በጉልበቱ ላይ ይፈርምለታል። አንድ ሌሊት ድንገት ግዳጅ መጣ፤ ከሻምበሉ የጎደለ አንድ ሰው አልነበረም፣ ሕመምተኛው እንኳ ተነሥቶ መጣ።

«የት ደረሱ እሳቸው?» አልኳቸው።

«ጡረታ። ከሻምበልነት አላለፈም» አሉና አረቄያቸውን ጨለጡ። «መብራቱ በጊዜ ይጠፋ ነበራ! ማን ያየዋል?»

ይህ መልካም ልማድ ከካምፕ አልፎ የእኛም ቢሮ ገብቷል። ደብረ ማርቆስ ከመሸ ባጃጅ እንደማይገኝ የሚያውቅ አለቃ ስብሰባውን 11 ሰዓት ላይ ይጠራዋል። የራሱ መኪና ስላለው የባጃጅ ነገር አያስጨንቀውም። እኛ በጨለማ፣ ውሻ እየጮኸብን፣ ጫማችንን በእጃችን ይዘን በጭቃ እየሄድን «የዛሬው ስብሰባ ውጤታማ ነበር» እንባባላለን።

ስለዚህ ሽልማት ይዘጋጅላቸው ብያለሁ። ከመላው አገሪቱ አስመሺ አለቆች ተመርጠው በአንድ ሰፊ ሜዳ ላይ ይሰብሰቡ። ሥነ ሥርዓቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይጀመራል። ተሸላሚዎች ለጥንቃቄ ሲባል ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ በቦታው ይገኛሉ፤ ጺም ተላጭተው፣ ጫማ ቦርሸው። ሜዳሊያውን የሚያጠልቀው የክብር እንግዳ አንድ ተራ ወታደር ነው። እሱ እንቅልፉን ጠግቦ ሲነሣ ቁርሱን ይበላል፣ ልጁን ያቅፋል፣ ቡናውን ሦስተኛው ድረስ ይጠጣል። ከዚያ ከተመቸው ይመጣል። ካልተመቸው ተወካይ ይልካል። ተወካዩም ስብሰባ ላይ ነው።