ጅብን ከሥጋ ለማራቅ ቄራ አጠገብ

የፈረንሳዩ የፍትሕ ሚኒስትር ዤራልድ ዳርማኒን ግንቦት 2025 (እ.ኤ.አ.) ደቡብ አሜሪካ ያለችው የፈረንሳይ ግዛት ጊያና ድረስ ሄደው ያሉትን ሰምታችኋል። 400 ሚሊዮን ዩሮ በሚፈስበት አዲስ ወህኒ ቤት ውስጥ ለአደንዛዥ ዕፅ አለቆች 60 ቦታ ያለው ጥብቅ ክፍል ይኖራል። የት? ሳን ሎራን ዱ ማሮኒ። ያቺው በመርከብ የተጋዘ እስረኛ ይራገፍባት የነበረችው ከተማ! ሌላ ቦታ ጠፍቶ ነው?

ምክንያታቸው «ማራቅ» ነው፤ አለቃው ከፓሪስ ሰባት ሺህ ኪሎ ሜትር ሲርቅ ከግብረ አበሮቹ ይቆረጣል አሉ። እስቲ ካርታ ይመልከቱ። ከሳን ሎራን ወንዙን ሲሻገሩ ሱሪናም ነው፤ ኮኬይኑ በጀልባ የሚገባው በዚያ ነው። ኮኬይን ውጠው ከጊያና ዋና ከተማ ከካየን ወደ ፓሪሱ ኦርሊ አውሮፕላን ማረፊያ የሚበርሩት ወጣቶችም ከዚሁ አካባቢ ነው የሚመለመሉት። ጅብን ከሥጋ ለማራቅ ቄራ አጠገብ ማሰር ይሏል ይኼ ነው።

የካቲት 12ን ተከትሎ ሰዎቿ ጣሊያን አሲናራ ደሴት የተጋዙባት አገር ልጅ ስለሆንኩም ይሆናል፣ «ማራቅ» የምትለዋ ቃል ትጎረብጠኛለች። ፈረንሳይ ከ1852 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወደ ጊያና ያጋዘችው 70 ሺህ ያህል ሰው ነው። የ1854ቱን ሕግ ተመልከቱ፦ ከስምንት ዓመት በታች የተፈረደበት፣ ፍርዱን ከጨረሰ በኋላ ያንኑ ያህል ዓመት እዚያው ይቆያል። ስምንትና ከዚያ በላይ ከሆነማ እስከ ዕለተ ሞቱ። ሰባት ዓመት የተፈረደበት ሰው ሰባቱን ዓመት ጫካ ሲመነጥር ከርሞ «ነጻ ነህ» ይባላል። ነጻ ወጥቶ ምን ይብላ? ያልተፈቱት እስረኞች በርካሽ እየሠሩ ማን ደመወዝ ከፍሎ ይቀጥረዋል? እናም ነጻው ሰው የሳን ሎራን ገበያ ጣራ ሥር ያድር ነበር። በ1885 ደግሞ ሌብነት የደጋገመ ተራ ኪስ አውላቂ ሳይቀር ለዕድሜ ልክ እንዲጋዝ ታወጀ። ይኼ ቅጣት ነው? ጥራጊን ጎረቤት ደጅ መድፋት ነው እንጂ!

በሐሰት በአገር ክህደት የተፈረደበት የፈረንሳይ ጦር መኮንን ድሬይፈስስ? ንጹሑ ሰው እዚያው ጊያና፣ ሰይጣን ደሴት ላይ አራት ዓመት ከረመ። በ1896 አመለጠ የሚል የሐሰት ወሬ ስለተነዛ ብቻ ሌሊት ሌሊት እግሩን ከአልጋው ጋር በብረት ጠፈሩት፤ ባሕሩን እንዳያይ ጎጆውን በአጥር ጋረዱበት። ጠባቂዎቹም ቃል እንዳይተነፍሱለት ታዘዙ።

የዕፅ አለቆቹ ከወህኒ ሆነው በስልክ ግድያ ያዛሉ፤ ልክ ነው። ስልኩን የሚያስገባው ግን የፓሪስ ቅርበት አይደለም፣ በሩ ላይ ያለ ጉቦኛ ነው። ለጉቦኛ ደግሞ አውሮፕላን አያስፈልግም።

የጊያና ተመራጮች ጥብቅ ክፍሉ እነሱ ዘንድ እንደሚሠራ የሰሙት እንደ እኔና እንደ እናንተው ከጋዜጣ ነው።